የታሰረ ውሻና የተቀመጠ ባለቤት፦ የዕለታዊ ጉዞ ጥቅም ሲፈተሽ

ውሻ ያለው ሰው ጤናው የተሻለ፣ ዕድሜውም የረዘመ ነው የሚል ዜና በየጊዜው ይሰማል። ዜናው ከሜዳ የተነሣ ወሬ አይደለም፤ ከጀርባው ሺዎችን፣ አንዳንዴም ሚሊዮኖችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች አሉ። ጥናቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ላነበባቸው ሰው ግን አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታየዋል። ውሻ በቤት ውስጥ ስለኖረ ብቻ ባለቤቱ ምን ያህል እንደሚጠቀም የሚናገሩት ጥናቶች እርስ በርስ አይስማሙም፤ ከውሻው ጋር አዘውትሮ ስለሚራመድ ሰው የሚናገሩት ግን ከሞላ ጎደል ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። የውሻው ጤናም ሲመረመር ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጥቅሙን የሚያመጣው ዕለት ዕለት የሚደረገው ጉዞ ነው፤ ውሻ ይዞ መቀመጥ ያንን አይተካም። ይህ ለእኛ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ውሻ የሚያሳድገው ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ውሻውን ይዞ ከበር የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። ቀን በሰንሰለት፣ ሌሊት ግቢ ውስጥ መለቀቅ፤ የብዙዎቹ ውሾቻችን ኑሮ ይኸው ነው።

ከሰው እንጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ዝቅተኛው ልክ ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን 22 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ሆኖ ሳለ በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶ የሚሆኑት፣ ማለትም 1.8 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ ከዚህ ልክ በታች እንደነበሩ ድርጅቱ አስታውቋል። ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክ፣ ለስኳር በሽታና ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ችግሩ ሰው ጥቅሙን አለማወቁ አይደለም። «ነገ እጀምራለሁ» ያላለ፣ የስፖርት ማዘውተሪያ ከፍሎ በሁለተኛው ሳምንት ያልቀረ ሰው ጥቂት ነው። የሚጎድለው ዕውቀት ሳይሆን፣ በዝናቡም በድካሙም ቀን ከቤት ጎትቶ የሚያወጣ ምክንያት ነው። የውሻ ጥቅም የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፤ ውሻ በሰዓቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ይህን በቁጥር ያሳየ አንድ ጥናት በእንግሊዝ ኖርፎክ አውራጃ ተካሂዷል። የኢስት አንግሊያና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ3,000 በላይ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ለአንድ ሳምንት እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ አስታጥቀው፣ መዝገቡን ከየዕለቱ የአየር ጠባይ ጋር አስተያዩት። በ2017 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል። ብርድ፣ ዝናብና ጨለማ በበዛበት ቀን ውሻቸውን ይዘው የሚወጡት ሰዎች፣ ውሻ የሌላቸው ሰዎች ፀሐይ በወጣበት ረጅም የበጋ ቀን ከሚንቀሳቀሱት የበለጠ ይንቀሳቀሱ ነበር። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በክፉ አየር ከቤት እንደማይወጡ፣ ካልወጡም ጉልበታቸው እንደሚደክም፣ ከደከሙም በመልካሙም ቀን መውጣት እንደሚያቅታቸው ለምናውቅ ሁሉ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የክረምታችንን ሐምሌና ነሐሴ አስታውሱ። በሊቨርፑል አካባቢ በካሪ ዌስትጋርዝ የተመራውና በ2019 የታተመው ጥናት ደግሞ ውሻ ያላቸው ሰዎች የሚመከረውን የእንቅስቃሴ ልክ የማሟላት ዕድላቸው ከሌላቸው በአራት እጥፍ ገደማ የሚበልጥ መሆኑን አሳይቷል። ከአራት እጥፉ ይልቅ እኔ የምይዘው ግን ሌላውን ግኝት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ለውሻው ሲሉ ሌላ ስፖርታቸውን አልተዉም። ጉዞው በነበረው ላይ የተጨመረ እንጂ የነበረውን የተካ አልነበረም። እነዚሁ አጥኚዎች ባለቤቶችን «ለምን ትወጣላችሁ?» ብለው በሰፊው ባነጋገሩበት ሥራ ላይ ሰዎቹ መጀመሪያ «ለውሻው ብለን» ይላሉ፤ ጠለቅ ሲባል ግን ውሻው ሲደሰት ማየት ራሳቸውን ስለሚያስደስታቸው እንደሆነ ይናገራሉ። ግዴታና ደስታ አንድ ላይ ሲመጡ ልማድ ይጸናል።

ትልቁ ተቃውሞ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ተገቢም ነው። ውሻ የሚያሳድገው ሰው ከመጀመሪያው ጤነኛ፣ አቅም ያለው፣ መራመድ የሚወድ ቢሆንስ? አልጋ የያዘ ሰው ቡችላ አያመጣም። ይህ ጥርጣሬ በተለይ የሚበረታው በስዊድኑ ጥናት ላይ ነው። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 80 የሆነ 3.4 ሚሊዮን ሰዎችን የሕክምና መዝገብ፣ በአገሩ ሕግ ግዴታ ከሆነው የውሻ ምዝገባ ጋር አገናኝተው ለ12 ዓመት ያህል ተከታተሉ። ብቻቸውን ከሚኖሩት መካከል ውሻ የነበራቸው የመሞት አደጋቸው በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በዓለም ዜና የተሰራጨው ይህ ቁጥር ነው። ነገር ግን እንዲህ ባለ ብሔራዊ መዝገብ ውስጥ ሰውየው ያጨስ እንደሆነ፣ በቀን ምን ያህል ይራመድ እንደነበር በአብዛኛው አይገኝም፤ አጥኚዎቹም ራሳቸው ውሻው ምክንያት ነው ለማለት እንደማይችሉ አስጠንቅቀዋል። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም ቀደም ብሎ በ2013 ባወጣው መግለጫ ያለው ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር፤ ውሻ ማሳደግ የልብ ሕመምን አደጋ ሊቀንስ ይችላል፣ ለዚህ ብቻ ተብሎ ግን ውሻ አይገዛ። ፍርዱን ትክክለኛ አድርጌ እቀበለዋለሁ።

ታዲያ ተቃውሞው የዕድሜውን ዜና ቢያዳክምም የጉዞውን ጉዳይ አያፈርሰውም። በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ የተደረገ ጥናት መጀመሪያ ውሻ ያልነበራቸውን ሰዎች መዝግቦ፣ ከጊዜ በኋላ ውሻ ያመጡትን ካላመጡት ጋር አነጻጽሯል። ውሻ ያመጡት ሰዎች የእግር ጉዟቸው ካላመጡት ይበልጥ ጨምሮ ተገኝቷል። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ቤታቸው ውሻ መግባቱ ነው። በካምብሪጅ ጄምስ ሰርፔል በ1991 ያሳተመው አነስተኛ ጥናትም አዲስ የውሻ ባለቤቶችን ለአሥር ወር ተከታትሎ ተመሳሳይ ለውጥ አይቷል። ከዚህም በላይ ውሻ እያላቸው የማይወጡ ባለቤቶች በየአገሩ ብዙ ናቸው፤ እነዚህ ሰዎች በእንቅስቃሴ ረገድ ውሻ ከሌላቸው ሰዎች ብዙም አይለዩም። ይህ ብቻ እንኳ ክርክሩን ይደግፋል፤ ሰውን የሚያንቀሳቅሰው የውሻ ባለቤትነት ቢሆን ኖሮ የማይወጡትም በተጠቀሙ ነበር።

ወደ ውሻው ስንመጣ አንድ የተለመደ ስሕተት በቅድሚያ መታረም አለበት። ብዙ ሰው ውሻው ሲወፍር «እንቅስቃሴ አነሰው» ይላል። ክብደትን በዋናነት የሚወስነው ግን ሳህኑ ነው። በአሜሪካ 48 ላብራዶር ውሾችን ከቡችላነት እስከ ሞት የተከታተለና በ2002 የታተመ ጥናት፣ እኩሌቶቹ ከሌሎቹ በ25 በመቶ ያነሰ ምግብ ብቻ እንዲበሉ አድርጎ ነበር። ያነሰ የበሉት መካከለኛ ዕድሜ 13 ዓመት ሲደርስ የሌሎቹ 11.2 ሆነ። የመገጣጠሚያ ሕመምም ዘግይቶ ጀመራቸው። ስለዚህ ጉዞ ጥጋብን ያካክሳል ብሎ ትርፍራፊውን ሁሉ መድፋት ውሻን አይጠቅምም። ውሻው መወፈሩን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም፤ በሁለት እጅ የውሻውን ጎን ቀስ ብሎ መዳበስ ይበቃል። የጎድን አጥንቶቹ ሳይጫኗቸው በጣት የሚቆጠሩ፣ ግን ከሩቅ የማይታዩ ከሆነ ደህና ነው። ስብ ሸፍኗቸው መጫን ካስፈለገ ወፍሯል፤ ከሩቅ ከታዩ ደግሞ ተርቧል። እንቅስቃሴ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ጡንቻን ያጸናል፣ መገጣጠሚያን ያፍታታል፣ ልብን ያጠነክራል፣ ከሁሉም በላይ ግን የውሻውን አእምሮ ይጠብቃል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ያነሰ የሚነገርለት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ውሻ ዓለምን በአፍንጫው ያነብባል፤ አንድ ግንድ ሥር ቆሞ ሲያነፈንፍ ማን አለፈ፣ መቼ አለፈ፣ ወንድ ነው ሴት የሚለውን እየለየ ነው። ባለቤቱ ግን «ና!» እያለ ይጎትተዋል። በፈረንሳይና በአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2019 የታተመ ሙከራ ለሁለት ሳምንት የማነፍነፍ ልምምድ ያደረጉ ውሾች አዲስ ነገር ሲቀርብላቸው ፈጥነው፣ ተስፋ አድርገው የሚቀርቡ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ተረከዝ ሥር መራመድ ብቻ የተለማመዱት ግን አልተለወጡም። በፊንላንድ ከ3,000 በላይ የቤት ውሾችን ባለቤቶች የጠየቀ ጥናት ደግሞ በድምፅ የሚሸበሩና ብቻቸውን ሲቀሩ የሚጨነቁ ውሾች በቀን የሚያገኙት እንቅስቃሴ ያነሰ እንደነበር አግኝቷል። በእርጅና ዘመንም እንዲሁ፤ በአሜሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን የሚከታተለው የውሻ እርጅና ፕሮጀክት፣ የሚንቀሳቀሱ ውሾች ከማይንቀሳቀሱት ይልቅ የመርሳትና የመደናገር ሕመም ምልክት እንደሚያንስባቸው ዘግቧል። እርግጥ ነው፣ እዚህም ጥርጣሬ አለ። መደናገር የጀመረው ውሻ ራሱ መንቀሳቀስ ሊተው ይችላል፤ የሚፈራውን ውሻ ባለቤቱ ይዞት መውጣት ሊያቅተው ይችላል። ማስረጃው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሊነበብ ስለሚችል ሙሉ ክብደት አልሰጠውም፤ ከውሻው ተፈጥሮ ጋር ሲገጣጠም ግን ችላ የሚባል አይደለም።

እስቲ አሁን የእኛን የታሰረ ውሻ በቅርብ እንየው። ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር ከሆነ ዓለሙም ሁለት ሜትር ነው። ከቆርቆሮ ቤቱ ፊት ያለው መሬት በግማሽ ክብ ተልጦ ሣር አይበቅልበትም፤ ክቡ የሚያልቅበት መስመር ሰንሰለቱ የሚያልቅበት ነው። አንገቱ ላይ ፀጉሩ ተመልጧል። ጥፍሩ መሬት ስለማይሞርደው ረዝሞ ወደ ውስጥ ታጥፏል። በበሩ ሰው ባለፈ ቁጥር ይዘልላል፣ ሰንሰለቱ ይመልሰዋል፣ ይጮኻል። ይህ ውሻ በምንም መለኪያ ጤነኛ ኑሮ እየኖረ አይደለም። «ሌሊት ይፈታል፣ ግቢውም ሰፊ ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። ነገር ግን ውሻ ብቻውን ግቢ ውስጥ ሲለቀቅ ጥቂት ዞሮ፣ ሽንቱን ሸንቶ ይተኛል። ሽታው ያው ነው፤ ሰዉ ያው ነው፤ የሚያነሣሣው አዲስ ነገር የለም። ግቢ ስፋቱ ምንም ቢሆን ጉዞ አይሆንም፤ ለባለቤቱማ ጭራሽ አንድ እርምጃ አይጨምርለትም።

ከዚህ የሚከብደው መልስ የጥበቃው ነው። «ውሻዬ ከሰው ከለመደ ሌባ አይይዝልኝም፤ ቁጡ እንዲሆን ነው የማስረው» የሚል ባለቤት ስሜቱ ይገባኛል፤ ቤቱን የሚጠብቅለት ሌላ ላይኖረው ይችላል። ግን ቁጡ መሆንና ጠባቂ መሆን አንድ አይደሉም። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ሰው የነከሱ ውሾችን ካልነከሱት ጋር ያነጻጸረና በ1994 የታተመ ጥናት፣ ግቢ ውስጥ በሰንሰለት መታሰር በነካሾቹ ዘንድ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ጎልቶ እንደሚታይ አሳይቷል። ከተነከሱት ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ፤ ሌቦች አልነበሩም። ለሁሉም እኩል የሚጮኽ ውሻ ለባለቤቱ ምንም አይነግረውም፤ ጎረቤቱንም፣ መንገደኛውንም፣ ሌባውንም በአንድ ድምፅ ነው የሚያስታውቀው። የፖሊስና የወታደር ውሾች በየቀኑ ይወጣሉ፣ ይሠራሉ፣ ከሕዝብ መካከል ይመላለሳሉ፤ ጠባቂነታቸው በዚህ አልቀነሰም። መንገዱን፣ ጎረቤቱንና የሰፈሩን የተለመደ ድምፅ የሚያውቅ ውሻ ያልተለመደውን ለይቶ ያውቃል።

«ውሻ ይዞ መውጣት ለፈረንጅ ነው፤ እኛ ሰፈር እብድ ውሻ አለ» የሚለው ተቃውሞ ግን በቁም ነገር መታየት አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ ከሰዎቹ እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት በሽታውን የሚወስዱት ከውሻ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ከከፍተኛ ተጠቂ አገሮች አንዷ ናት። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመንጋ በሚዞሩበት ሰፈር የታሰረ ውሻን ይዞ መውጣት እውነተኛ ፍርሃት ነው። ሆኖም ችግሩ ቤት በመዝጋት አይፈታም። በበሽታው ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶ ያህሉ በየጊዜው ከተከተቡ ስርጭቱ እንደሚቋረጥ ይስማማሉ። የሚንሸራሸር ውሻ ደግሞ ባለቤቱ የሚያስከትበው ውሻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ከሰው ጋር ሲወጣ ይታያል፣ ይጠየቅለታል፣ ማሰሪያውን ስለለመደም ወደ ክትባት ጣቢያ ያለ ግብግብ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ ታስሮ የኖረን ውሻ በክትባት ዘመቻ ቀን ወደ ጣቢያ ለመውሰድ የሞከረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ክትባት፣ ከዚያ በማሰሪያ መውጣት። በመንገድ ላይ ውሻ የነከሰው ሰው ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ለመንገደኛው ሰው ፍርሃትም ክብር መስጠት ያስፈልጋል፤ ውሻ የሚፈራ ወይም በእምነቱ ምክንያት እንዲነካው የማይፈልግ ሰው ሲመጣ ማሰሪያውን ማሳጠርና ዳር መያዝ የባለቤቱ ግዴታ ነው።

ጉዞው ራሱ የሚያስከትለው ጉዳትም አለ። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ውሻ ሲያንሸራሽሩ ወድቀው አጥንታቸው የተሰበረባቸው ቁጥር በ2004 ከነበረበት 1,671 በ2017 ወደ 4,396 ከፍ ብሏል። ከሰማኒያ በመቶ በትንሹ የሚያንሱት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ በማረጥ ዘመን አጥንታቸው የሳሳ እናቶች መሆናቸው አይቀርም። ይህ ጉዞውን አያስቀርም፤ ውሻውን እንዳይጎትት ማስለመድን ግን የግድ ያደርገዋል። ማሰሪያውን በእጅ አንጓ ላይ መጠምጠም፣ ለአቅመ ደካማ ሰው ኃይለኛ ውሻ ማስያዝ፣ በጭቃማ ቁልቁለት መውረድ መቅረት አለበት። ለውሻውም ልክ አለው። ውሻ እንደ ሰው በገላው ሙሉ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ስለሆነ በቀትር ማስሮጥ ሊገድለው ይችላል፤ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች ደግሞ ከሁሉ በፊት ይጎዳሉ። በቆላ ከተሞች፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችንም፣ የሚሻለው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። የእጅ ጀርባን አስፋልቱ ላይ ጥቂት ሰከንድ አሳርፎ ማቃጠሉን መፈተሽ የውሻውን መዳፍ ያድናል። ቡችላም እንደ አደገ ውሻ አይሮጥም። በኖርዌይ በግዙፍ ዝርያዎች ላይ የተደረገ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደረጃ መውጣትና መውረድ ለዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም እንደሚያጋልጥ፣ ለስላሳ መሬት ላይ በነፃነት መቦረቅ ግን እንደሚጠቅም አሳይቷል።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ሥራና ትራንስፖርት ቀኑን የጨረሰበት ሰው ሁለት ሰዓት ማውጣት አይችልም፤ አይጠየቅምም። ጀርመን በ2020 ውሻ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ አንድ ሰዓት ይውጣ የሚል ረቂቅ አቅርባ ብዙ ክርክር ተነሣበት። በ2021 በጸደቀው ደንብ የሰዓቱ ቁጥር ቀርቶ ውሻ ከቤቱ ውጪ በቂ እንቅስቃሴ ያግኝ የሚለው ጸንቷል፤ በሰንሰለት አስሮ ማኖርም ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ተከልክሏል። ይህ ሚዛናዊ ይመስለኛል። የእረኛ ዝርያ ለሆነ ወጣት ጀርመን ሼፐርድ አንድ ሰዓትም ሊያንስ ይችላል፤ ለሸመገለ ውሻ አሥራ አምስት ደቂቃ ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። ዋናው አለመቋረጡ ነው፤ እሑድ ሦስት ሰዓት ሄዶ ስድስት ቀን ማሰር ለሁለቱም ጡንቻ መጥፎ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ አፓርታማ የሚኖሩ ወገኖቻችን ምርጫ ስለሌላቸው ይህን በቶሎ ይለምዱታል። የእኛ ሰው ግቢ ስላለው ነው የሚሰንፈው።

ሐሳቤ አጭር ነው። ውሻ ለማምጣት የምታስቡ፣ በቀን ሃያ ደቂቃ ከሌላችሁ አታምጡ። ውሻ ያላችሁ ደግሞ በዚህ ሳምንት አስከትቡት፣ ቀለል ያለ ማሰሪያ ግዙለት፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ግቢው ውስጥ አስለምዱት፤ ከዚያ መንገዱ ጭር በሚልበት ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይዛችሁት ውጡ። ጎረቤቶቻችሁንም ውሾቻቸውን እንዲያስከትቡ ንገሯቸው።